ደጋፊን ስለ አርማው መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል፤ ሁለቱ «ልክ ብለዋል» ብለው፣ አንዱ በስድብ አጅቦ፣ አራተኛው ምንም ሳይል። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ፣ የእግር ኳስ ክለብ አርማውን ወይም ማልያውን ሊለውጥ ሲነሣ አባላቱንና ደጋፊዎቹን ማማከር የለበትም፤ ቢያማክርም ትርፉ ድካም ነው የሚል ነው።

ምክንያታቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አርማ መሥራት ሙያ ስለሆነ ለባለሙያው ይተው ይላሉ። ደጋፊ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቆይቶ ይለምደዋል፤ ለዚህም ጁቬንቱስን ይጠቅሳሉ። ጠይቀው የከሸፈባቸው ክለቦች አሉ፤ ሊድስ ዩናይትድ 10,000 ሰው አማክሬ ሠራሁት ያለው አርማ በወጣበት ቀን ውድቅ ሆነ። ቀጥሎ ወደ ገንዘቡ ይሄዳሉ፦ ወጪውን የሚችለው ባለሀብቱ፣ ድርጅቱ ወይም የከተማው አስተዳደር ከሆነ ውሳኔውም የእሱ ነው። በመጨረሻም፣ ለደጋፊ ከተተወ ምንም ነገር አይለወጥም ይላሉ።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ማንንም አይሳደብም። በእኛ አገር የኳስ ክርክር ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ እኔም በዚያው ልክ ልመልስ።

ስለ ሙያ ባሉት ላይ ግማሹን መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። መጥፎ አርማ ብዙ ጊዜ የሚወለደው አሥር ሰው አሥር ነገር ጨምሩ ሲል ነው፤ ኳሱም፣ ችቦውም፣ ተራራውም፣ ሙሉ ስሙም በሁለት ቋንቋ ተጨናንቆ የሚታይበት አርማ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሠላሳ ሺህ ደጋፊ እርሳስ ይዞ ይሣል ያለ ሰው የለም። ሸማኔው ጥበቡን ያውቃል፤ ልብሱ ለሠርግ ይሁን ለልቅሶ የሚነግረው ግን አሠሪው ነው።

ኤቨርተን እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሰበትን እንይ (የውጭ ክለቦችን ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የክለቡ አርማ ላይ ያለው ግንብ ከ1938 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ባለሙያዎቹ ግንቡን አቅልለው ሣሉት፤ በላቲን የተጻፈውን የክለቡን መፈክርና የአበባ ጉንጉኖቹን አወጡ። በሙያ ዓይን የሚያስነውር ሥራ አልነበረም። ያ መፈክር ለደጋፊው ምን እንደሆነ ግን የነገራቸው አልነበረም። ከ22,000 በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰበ፣ ክለቡ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው በወጉ የተሠራው። ባለሙያዎች ሦስት ንድፍ አቀረቡ፣ ደጋፊው ድምፅ ሰጠ፣ ከአሥሩ ስምንት የሚያህለው አንዱን መረጠ፤ ክለቡ እስከ ዛሬ የሚለብሰውም እሱን ነው። ባለሙያው ሥራውን አልተቀማም፤ ሥራው ላይ የጎደለውን እውቀት አገኘ እንጂ። መጀመሪያ የተጠላው አርማ ያለበት ማልያ ግን አስቀድሞ ወደ ምርት ገብቶ ስለነበር ክለቡ የማይፈልገውን አርማ ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫወተ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። አንድ ጎበዝ ዲዛይነር የቅዱስ ጊዮርጊስን አርማ አዘምን ተብሎ ተሰጠው እንበል። ፈረስና ጋላቢ በስልክ ስክሪን ላይ ሲያንስ አይለይም፣ በአንድ ፊደል እንተካው ቢል በሙያው ልክ ሊሆን ይችላል። ፈረሱን ያወረደ ዕለት ግን «ፈረሰኞቹ» የሚባለውን ቡድን በእግሩ ሰደደው ማለት ነው። ቡኒ ቀለም በቴሌቪዥን ደብዘዝ ይላል ብሎ የኢትዮጵያ ቡናን ማልያ ቢጫ ብቻ ያደረገ ሰውም ቡናማዎቹን ምን ብሎ ሊጠራቸው ነው? ይህን የሚያውቀው በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሚባለው የደጋፊ ቦታ ቆሞ ያደገው ሰው ነው። ጥላ ፎቅ የተቀመጠውም ቢሆን።

ወደ ልማድ ጉዳይ ልሻገር። ጁቬንቱስ በ2017 ያወጣው ባለ አንድ ፊደል አርማ መጀመሪያ ተዘበተበት፣ ዛሬ ግን ብዙ ሰው ተቀብሎታል፤ ይህ እውነት ነው። ጸሐፊው ያልጠቀሱት ግን ጁቬንቱስ አርማውን ሲለውጥ ጥቁርና ነጩን አለመንካቱን ነው። በ2019/20 ማልያውን ከሽንትር ወደ ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ሲለውጠው በቀጣዩ ዓመት ሽንትሩ ተመልሷል። ደጋፊ ይለምደዋል የሚባለው እንግዲህ ሁሉንም ነገር አይደለም።

ማልመድ ያልተቻለበትን ቦታ ካየን ደግሞ ካርዲፍ ሲቲ አለ። ይህን ታሪክ ትንሽ ላስረዝመው፣ ምክንያቱም ለጸሐፊው ክርክር ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ክለቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሰማያዊ ለብሷል፤ ቅጽል ስሙም ሰማያዊ ወፎቹ ነው። ማሌዥያዊው ባለቤት ቪንሰንት ታን በ2012 ማልያውን ቀይ አደረጉት፤ ወፏንም ከአርማው ወደ ታች አውርደው ዘንዶ ከላይ አስቀመጡ። ምክንያታቸው ቀይ በእስያ የዕድል ቀለም ነው፣ ገበያ ይከፍታል የሚል ነበር። ሐሳቡ መጀመሪያ ሲሰማ ተቃውሞ ስለተነሣ ቀረ ተባለ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከኢንቨስትመንት ተስፋ ጋር ተጠቅልሎ ተመልሶ መጣ። ደጋፊውም ተከፈለ። ገንዘቡ ከመጣ ይሁን ያለ ነበር፣ ሰማያዊ ሻርፑን አድርጎ ስታዲየም የገባ ነበር፣ ጨርሶ የቀረም ነበር።

አሁን ልብ በሉ፤ ቀይ የለበሰው ቡድን በመጀመሪያው ዓመት አሸነፈ! የ2012/13 የሻምፒዮንሺፕ ዋንጫ አንሥቶ ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ። ደጋፊ ድል ካየ ሁሉን ይረሳል የሚባለው እውነት ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አላበቃም። በድሉ ቀን እንኳ ግማሹ ደጋፊ ሰማያዊ ለብሶ ይጨፍር ነበር፤ እኔ በቴሌቪዥን ሳየው የሁለት ቡድን ደጋፊዎች መስለውኛል። በ2014 ወረዱ፤ ሰማያዊው ማልያ በጥር 2015 ተመለሰ። ባለቤቱ ገንዘብ ነበራቸው፣ ዋንጫም ነበራቸው፣ ጊዜም አገኙ።

አትሌቲኮ ማድሪድን ብጨምር ጊዜ ምን እንደሚሠራ ይታያል። ወደ አዲሱ ስታዲየም ሲዛወር፣ በ2017፣ አርማውን አዘመነ። በአዲሱ አርማ የላሊጋ ዋንጫ አነሣ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ አባላቱ ድምፅ እንዲሰጡ ሲደረግ ወደ 89 በመቶው የድሮው ይመለስ አለ፤ ተመለሰም። እነዚያን ስድስት ዓመታት ከውጭ ያየ ሰው «ለመዱት» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። የጠየቃቸው ስላልነበረ እንጂ አልለመዱትም።

ሊድስ ላይ ያነሡት ነጥብ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። በጥር 2018 የሆነው እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ክለቡ ስድስት ወር አጠናሁ፣ 10,000 ሰው አማከርኩ አለ፣ ደረቱን በጡጫ የሚመታ ደጋፊ የተሣለበት አርማ አወጣ፣ በሰዓታት ውስጥ ከ50,000 በላይ ፊርማ ተሰበሰበበት፣ ክለቡም በዚያው ዕለት አፈገፈገ። ጸሐፊው ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «መጠየቅ አይጠቅምም» የሚል ነው። እኔ ደግሞ የማየው፣ ሰውየው ምን ዓይነት ወጥ ትወዳለህ ተብሎ መጠየቁና ወጡን ቀምሶ ጨው አንሶታል ማለቱ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ነው። ሊድስ ስለ ስሜት ጠየቀ፤ ያለቀውን ሥዕል ግን አላሳየም። አርማው ላይ ያለው ምልክት ደጋፊው ስታዲየም ውስጥ በእውነት የሚያደርገው ሰላምታ ነበር፤ ከደጋፊው የተወሰደ ነገር ነው። ለመቶ ሰው ብቻ እንኳ ያለቀውን ንድፍ ቢያሳዩት ኖሮ ያ ውርደት ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሃል ሲቲ ደግሞ መጠየቅን ራሱን እንዴት ማበላሸት እንደሚቻል አሳይቷል። ግብፅ የተወለዱት ባለቤቱ አሰም አላም የክለቡን ስም «ሃል ታይገርስ» ለማድረግ ፈለጉ። በ2014 የዓመት ትኬት ላላቸው ደጋፊዎች ድምፅ ሲያሰጡ የ«አዎ» ምርጫው እንዲህ ተቀመጠ፦ ስሙ ይለወጥ፣ የአላም ቤተሰብም ክለቡን መምራቱን ይቀጥል። ስለ ስም የተጠየቀው ሰው ባለሀብቱ ጥሎን ይሂድ ወይስ ይቆይ ለሚለውም አብሮ እንዲመልስ ተደረገ። እንዲያም ሆኖ 2,565 ሰው ሲደግፍ 2,517 ሰው ተቃወመ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም የስም ለውጡን አልቀበልም አለ።

ለጸሐፊው የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ደግሞ እኔው ልስጣቸው፣ ጽሑፋቸው ላይ ስለሌለ። አስቶን ቪላ በ2022 ደጋፊውን በክብ አርማና በጋሻ ቅርጽ መካከል አስመረጠ፤ ከሦስት አራተኛ በላይ ክቡን መረጠ። ክቡ አርማ ለአንድ የውድድር ዘመን ተለበሰ፣ ከዚያ አዲሱ የክለቡ አመራር በሌላ ጋሻ ለወጠው። እንዲህ ያለ ምክክር በእርግጥም ጊዜ ማባከን ነው። ጥፋቱ ግን የጠየቀው ሳይሆን መልሱን የጣለው ሰው ነው።

የገንዘቡ ነገር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው እዚህ ላይ እርግጠኛ ናቸው፣ እኔ ደግሞ የምስማማው ከሁሉም ባነሰ ነው።

ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የክረምት ውድድር ነበረን። ቡድናችን አረንጓዴ ማልያ ነበረው፤ ግማሹ የተጣፈ፣ ሁለት ሰባት ቁጥር ያለበት። አንድ ዓመት አንድ ነጋዴ ሙሉ ማልያ ከነካልሲው ገዛልን፤ ቀለሙ ግን ቀይ ነበር፣ ደረቱ ላይም የሱቁ ስም። ቀይ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልጆች ቀለም ነው። ማልያ ስላገኘን ደስ ብሎን ለበስነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ እናቶቻችን ሳይቀሩ ለማዶዎቹ አጨበጨቡ፤ እኛን መስለዋቸው! ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ጥያቄ ቢጠይቀን፣ በዚያው ገንዘብ፣ ከዚያው ሱቅ፣ አረንጓዴ ይገዛልን ነበር።

ትልቁን ምሳሌ ከፈለጉ ኦስትሪያ ውስጥ አለ። የመጠጥ አምራቹ ሬድ ቡል በ2005 የሳልዝቡርግን ክለብ ሲገዛ ሐምራዊና ነጩን ቀለም አጠፋ፣ ስሙንም ለወጠ። ገንዘቡ የእሱ ነው፤ ዋንጫም በዋንጫ ላይ ሰበሰበ፤ ይህን አልክድም። የድሮዎቹ ደጋፊዎች ግን በሐምራዊ ማልያ የራሳቸውን ክለብ መሥርተው ከሰባተኛው ዲቪዚዮን ጀመሩ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ደረሱ። ገንዘቡ ቡድኑን ገዛው፤ እነዚያን ሰዎች ግን መግዛት አልቻለም።

በእኛ አገር ደግሞ ክርክሩ ከሥሩ ይዞራል። አብዛኛው የፕሪምየር ሊጉ ክለብ የሚንቀሳቀሰው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ጸሐፊው «የከፈለ ይወስን» ሲሉ የከፈለውን ማን ብለው አስበው ይሆን? የከተማ በጀት የከንቲባው ኪስ አይደለም። የጎንደር ነዋሪ ግብር ከፍሎ፣ በዚያ ላይ የፋሲል ከነማን ቀይና ነጭ ማልያ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ የደጋፊ ማኅበር መዋጮውን ከፍሎ፣ አውቶቡስ ተኮናትሮ ሐዋሳ ድረስ ሄዶ ከደገፈ በኋላ «አንተ አልከፈልክም» ከተባለ ሒሳቡ የተሠራው በምን ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ክለቦች ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ «ቢራ» ተብሎ ተጫወተ። ሁለቱም ጊዜ ለዋጮቹ ከማንም ባለሀብት የበለጠ ኃይል ነበራቸው። ዛሬ ያ ክለብ ማን ተብሎ እንደሚጠራ ጸሐፊውም ያውቃሉ። መከላከያም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወደ ጥንቱ ስሙ፣ ወደ መቻል፣ ተመልሶ ነው ሊጉ ውስጥ የገባው። ስም፣ ቀለምና አርማ ከበጀት ሰጪው ዕድሜ በላይ ይኖራሉ። አሠልጣኙ ይሄዳል፣ ተጫዋቹ ይሸጣል፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ራሱ ሲዘጋ ቡድኖቹ ከከተማ ከተማ ተንከራትተዋል፤ ደጋፊው «ይህ የእኔ ክለብ ነው» ብሎ የሚለይበት በእጁ የቀረው ማልያውና አርማው ነው።

እንግሊዞች ከካርዲፍና ከሃል በኋላ ነገሩን ለባለቤቶች ቅን ልቡና መተው አልበቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አንድ ክለብ አርማውን ወይም የሜዳውን ማልያ ዋና ቀለም በጉልህ ከመለወጡ በፊት በአገር ውስጥ ካሉት ደጋፊዎቹ አብዛኞቹ እንደሚደግፉት እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የግል ንብረትን እንዲህ የሚያከብር አገር ይህን ሕግ ያወጣው ክለብ እንደ ሱቅ ያለ ንብረት አለመሆኑን አይቶ ነው።

ለደጋፊ ከተተወ ምንም አይለወጥም ለሚለው ብዙ አልቆይም። ማንቸስተር ሲቲ በ2015 ደጋፊውን አማክሮ ንስሩን አውርዶ ወደ ክቡ አርማ ተመለሰ፤ ተለወጠ። ኤቨርተን ውስጥ ደጋፊው የመረጠው የድሮውን ሳይሆን አዲስ ንድፍ ነበር። ባርሴሎና ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ በ2018 ከአርማው ላይ የክለቡን ፊደላት የሚያወጣ ንድፍ ለአባላት ጉባኤ ሊቀርብ ሲል ተቃውሞ በዝቶ ቦርዱ አነሣው፣ ምንም አልተለወጠም። የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩኝ። አንድ ማልያ ሳይታተም፣ አንድ ብር ሳይከስር፣ አባላቱ አይሆንም አሉ፣ ቀረ።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «እሺ፣ ታዲያ ማንን እንጠይቅ? በቴሌግራም ድምፅ ይሰጥ?» ዓይነት ስላቅ ጣል አድርገዋል። ስላቁ ተገቢ ነው። ማንም ስልክ ያለው፣ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ሳይቀር፣ ገብቶ የሚጫንበት ድምፅ ዋጋ የለውም። ግን የደጋፊ ማኅበሮቻችን መታወቂያ ይሰጣሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ መዝገብ አላቸው። መታወቂያውን ያሳደሰ አባል ድምፁን በማኅበሩ ቢሮ ወይም በጨዋታ ቀን በር ላይ ይስጥ፤ ራቅ ላለው አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ። ያለቁ ሁለት ወይም ሦስት ንድፎች ይቅረቡ፣ ከእነሱ ጎን «ባለበት ይቆይ» የሚል ምርጫም ይኑር። ጥያቄው ላይ የስፖንሰርም ሆነ የበጀት ማስፈራሪያ አይለጠፍ። ድምፁም የሚሰጠው ማልያው ከመታዘዙ በፊት ይሁን፤ አሁን እንደሚደረገው ሊጉ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው በፎቶ ማብሰር ምክክር አይባልም።

የምጠይቀው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው፤ ስሙን፣ አርማውን፣ የሜዳውን ማልያ ቀለም። የአንገቱ ቅርጽ፣ የስፖንሰሩ ጽሑፍ መጠን፣ የቁጥሩ ፊደል፣ ከሜዳ ውጪ የሚለበሰው ማልያ ለቦርዱና ለልብስ አምራቹ ይተው፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ጉባኤ ይጠራ ከተባለ ጸሐፊው የፈሩት መጓተት እውን ይሆናል። ሦስተኛውን ማልያማ ከፈለጉ ወይን ጠጅ ያድርጉት፣ ከፈለጉ አበባ ይሣሉበት፤ አልጠየቃችሁኝም ብዬ አልቀየምም። ምናልባትም እገዛው ይሆናል።